ምርጫ ቦርድ ነጻ የሚሆነው እስከ የት ድረስ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ምርጫ ቦርድ አደረጃጀትና ሥልጣን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ፒያሳ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የተከራከረኝም አለ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡትን አስቀድሜያለሁ። የሌላውን ከተማ ሰው ንቄ አይደለም። የእኛ አገር ሰው ሲጠይቅ ግን ነገሩን እስከ ክፍል ቁልፍና እስከ መታወቂያ ያወርደዋል፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። ስም አላወጣም። የተሰደብኩበትን ደብዳቤም አንብቤዋለሁ፤ መልስ ግን የለውም።

"እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከ1987 ጀምሮ አንድም ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። በየጊዜው 'ቦርዱ ተሻሽሏል' እንባላለን። ዕጩዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርበው፣ ፓርቲያቸው የሞላበት ምክር ቤት እጅ አውጥቶ የሚሾማቸው ከሆነ ማሻሻያው የቱ ጋ ነው?" (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደሴ አራዳ)

መምህር፣ ስለ አሿሿሙ ያሉት እውነት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 ቦርዱ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ አባላቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ ይላል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ አንቀጽ ውስጥ ተፋጠው ሠላሳ ዓመት አለፋቸው።

ግን የድሮውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያስታውሱታል። በ1997ቱ ምርጫ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። በዚያው ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም እሳቸው ናቸው። ቦርዱ በድሎኛል ብሎ ይግባኝ የሚል ፓርቲ መጨረሻ የሚደርሰው የቦርዱ ሰብሳቢ የሚመሩት ፍርድ ቤት ነው። ስለ ሰውየው ጨዋነት አይደለም የማወራው። ጣጣው ሁለቱን ወንበር ለአንድ ሰው መስጠቱ ላይ ነው። ከዚያ በ1999 አዋጅ ቁጥር 532 ወጣ፤ ቦርዱም ዘጠኝ አባላት ኖሩት። በ2002 ከ547 ወንበር ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ2007 እነሱም አልቀሩ።

በ2011 የተደረገው ለውጥ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል አይደለም። በኅዳር ወር ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢ ሆኑ። ዳኛ የነበሩ፣ ተቃዋሚ ፓርቲ የመሩ፣ የታሰሩም ናቸው። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 1133/2011 መጣ። ዘጠኙ አባላት አምስት ሆኑ፤ ሥራው የሙሉ ጊዜ ሆነ። ሌላ ቦታ እየሠሩ አልፎ አልፎ ስብሰባ መጥቶ መፈረም ቀረ። ዕጩ የሚመለምል ኮሚቴም ተፈጠረ፤ ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፣ ከሳይንስ አካዳሚ፣ ከሲቪል ማኅበራት የተውጣጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ዕጩዎቹን ይዘው ከፓርቲዎች ጋር ይመክራሉ። ወ/ሪት ብርቱካን በ2015 ለቀቁ፤ በ2016 ወ/ሮ ሜላትወርቅ ኃይሉ ተሾሙ።

ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ኮሚቴውን የሚያቋቁሙት ያው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። እኔ ብሆን ኮሚቴውን ምክር ቤቱ እንዲያቋቁመው፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች የጋራ ምክር ቤትም በውስጡ ወንበር እንዲኖረው አደርግ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኮሚቴው ዝርዝር ውጭ አንድም ስም ማቅረብ እንዳይችሉ በአዋጅ እዘጋው ነበር። "በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሾሙ" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 59 ሕገ መንግሥቱ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ይወስናል ይላል። ስለዚህ በአዋጅ ብቻ አይሆንም፤ ሕገ መንግሥት መንካት ይጠይቃል። እሱን መንካት ደግሞ በእኛ አገር ምን እንደሚያስነሳ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ስለ አሿሿም ያለኝ ጭንቀት ከእርስዎ ያነሰ ነው። ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው ደብዳቤ ይነግርዎታል።

"እትዬ፣ በ6ኛው ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የምርጫ ጣቢያችን ትምህርት ቤት ነበር። ዋዜማው ላይ ዕቃው ደረሰ፤ የክፍሉ ቁልፍ ግን ቀበሌ ነው አሉን። ሊቀመንበሩ ስልክ አያነሳም። ሲመሽ መጣ። ከሚወዳደሩት ፓርቲዎች የአንዱ አባል መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከፈተልን፤ ሻይም ጋበዘን። ክፉ ነገር አልሠራም። እኔን ግን ያን ቀን ልቤን አልተመቸውም። ይሄ በሕግ የሚስተካከል ነው?" (ወጣት፣ ደሴ)

ወንድሜ፣ ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ የያዘኝ የአንተ ነው። ስለ ቦርዱ ማሻሻያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። ማን ተሾመ፣ ማን ወረደ። አንተ ግን የጠየቅኸኝ ስለ ክፍል ቁልፍ ነው፤ ነገሩም ያለው እዚያ ነው።

አደረጃጀቱን እንየው። ከላይ አምስቱ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት አሉ። ከእነሱ ሥር ጽሕፈት ቤቱ አለ። ክልል ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለ። ከዚያ በታች ያለው የምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤትና የምርጫ ጣቢያ ምርጫ ሲመጣ የሚቆም፣ ምርጫ ሲያልቅ የሚፈርስ ነው። በሁለት ምርጫዎች መካከል ወግዲ ወይም መሐል ሳይንት ሄደህ "የቦርዱ ቢሮ የት ነው?" ብትል የሚያሳይህ የለም። ምርጫው ሲደርስ ቦርዱ ብድር ይገባል። አዳራሽ ከቀበሌ፣ መኪና ከወረዳ፣ ጥበቃ ከክልል ፖሊስ። አበዳሪዎቹ በሙሉ ወንበራቸው በዚያው ምርጫ የሚወሰን ሰዎች ናቸው። ዳኛው የአንዱን ቡድን ጫማ ተውሶ ሜዳ እንደ መግባት ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የመንግሥት አካላት ሁሉ ከቦርዱ ጋር የመተባበር ግዴታ አለባቸው። ግዴታውን ያልተወጣስ? ቦርዱ ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ ይለምናል። በ6ኛው ምርጫ ጊዜ ቦርዱ ከክልሎች የሚጠብቀው ቢሮና ትራንስፖርት እንደዘገየበት በይፋ ሲናገር ሰምተናል። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ግንቦት 28 ቀን 2013 ተብሎ ነበር። የመራጮች ምዝገባው፣ የአስፈጻሚዎች ሥልጠናውና የዕቃ ሥርጭቱ አላልቅ ብሎ ወደ ሰኔ 14 ተገፋ።

ያን ሰኞ እኔም ለአንድ ሲቪል ማኅበር ታዛቢ ሆኜ ደሴ ውስጥ እዞር ነበር። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ሰዉ ጃንጥላና ነጠላ ደርቦ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። አንድ ጣቢያ ገባሁ። ዴስኩን ገፍተው ግድግዳ ላይ ቆልለውታል። ሣጥኑ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ እንዳለ አለ፤ ያጠፋው የለም። አስፈጻሚዎቹ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውን ግን ያውቁታል። የእያንዳንዱን ሰው አውራ ጣት ይዘው ቀለሙን ሲቀቡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ፤ ቆጠራው ሌሊት ሆነ። መብራት ሲጠፋ የሁሉም ስልክ በርቶ ቆጠራው ቀጠለ። እነዚያን ልጆች ማንም ቢያያቸው ያምናቸው ነበር። በመሀል አንድ ሰው መጣ። ባጅ የለውም። ከየት እንደሆነ አልተናገረም። "ወንበር ጎደለባችሁ እንዴ? የእኛ ነው፣ ላስመጣላችሁ" አለ። ደግ ሰው ነው። "የእኛ" ያለው የማንን እንደሆነ ግን ወረፋ የቆመው ሁሉ ገብቶታል።

ማሻሻያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ሕንድ ሩቅ ናት አትበሉኝ እንጂ እነሱ አንድ የሚቀና ነገር አላቸው። የሕንድ ምርጫ ኮሚሽን ከላይ ሦስት ኮሚሽነሮች ናቸው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያስመርጠው በተውሶ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ምርጫው በይፋ ከተጠራበት ቀን አንሥቶ ውጤት እስኪነገር ድረስ፣ ለምርጫ የተመደበ ሹምና ፖሊስ ሁሉ በሕግ ለኮሚሽኑ እንደተዋሰ ይቆጠራል። የሚታዘዘው ለኮሚሽኑ ነው። ቢያጠፋም የሚቀጣው በኮሚሽኑ ዲሲፕሊን ነው። የዞኑ አለቃ "ና" ቢለው አይሄድም።

በእኛ አገር ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። አዋጁ ላይ ቢጨመር ይበቃል። ለምርጫ የተሰጠ አዳራሽ ቁልፉ ከምርጫው በፊት ተፈርሞ በቦርዱ ሰው እጅ ይግባ። የተመደበው መኪና ስምሪቱ ከቦርዱ ይውጣ። የጣቢያ ጠባቂው ፖሊስ ለዚያ ሳምንት አለቃው ቦርዱ ይሁን። እምቢ ያለ የወረዳ ሹም ደግሞ በስሙ ይጠየቅ፤ "ክልሉ አልተባበረም" የሚባል ነገር ማንንም አያስጠይቅም።

ከዚህ ጋር ቢያንስ በየዞኑ አንድ ቋሚ ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ መመለስ ቀላል ነው። ደላንታ፣ ከላላ፣ ቦረና ግን ቀላል አይደለም። እነዚህን ወረዳዎች ከባሕር ዳር ሆኖ የሚያውቃቸው የለም። "ሠራተኛው አምስት ዓመት ሙሉ ምን ይሠራል?" ይባላል፣ አውቃለሁ። የመራጭ መዝገብ ያድሳል። ትምህርት ቤት እየዞረ ያስተምራል። የፓርቲዎቹን ቅርንጫፍ አለ የለም ብሎ ያያል። ሥራው ሞልቷል። ገንዘቡም ከዚያው ከምክር ቤቱ ከሚጸድቅለት በጀት ይምጣ። ለአምስት ዓመት የሚሆነው አንድ ላይ ተፈቅዶ በየዓመቱ ቢለቀቅ ደግሞ ምርጫ ሲቃረብ ደጅ መጥናት ይቀራል።

ስለ ሻዩ አትጨነቅ። ሻይ መጠጣት ገለልተኝነትን አያፈርስም። ብቻ በሚቀጥለው ሂሳቡን አንተ ክፈል።

"እኔ ከወረባቦ መጥቼ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ነው የምሠራው። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። ቀበሌ መታወቂያ ስጠይቅ መሸኛ አምጪ ይሉኛል። መሸኛ ለማምጣት አገሬ ልሂድ ስል አለቃዬ ፈቃድ አይሰጠኝም። እኛ የምንመርጠው የት ነው?" (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አብሽሪ። የምትመርጪው ኮምቦልቻ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው 18 ዓመት መሙላትሽን፣ ኢትዮጵያዊ መሆንሽንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርሽን ነው። የተወለድሽበት ሄደሽ እንድትመርጪ የሚያስገድድሽ የለም።

ችግርሽ መብቱ ላይ አይደለም፤ ማስረጃው ላይ ነው። የመምረጥ መብትሽን የሚያስፈጽመው ቦርዱ ነው። መኖርሽን የሚመሰክርልሽ ግን ቀበሌው ነው። መሸኛ አምጪ የሚለውም እሱ ነው። እዚህም ቦርዱ የሌላ እጅ ያያል ማለት ነው። ቀበሌው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ሰልፉ በዝቶበት፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ለአንቺ ያው ነው።

ሌላው ነገር መዝገቡ በየምርጫው እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ሁሉም ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመዝገብ ሲባል፣ በፈረቃ የምትሠሪው አንቺ ትቀሪያለሽ። ቦርዱ ቋሚ መዝገብ የመያዝ ሥልጣንም ግዴታም ይኑረው እላለሁ። አንዴ ትመዘገቢያለሽ፣ ቤት ስትቀይሪ ታዛውሪያለሽ፣ በቃ። ነገሩ አሁን ወደ ዲጂታል እየሄደ ነው፤ እሰየው ነው። ብቻ ስማርት ስልክ የሌላት የክፍል ጓደኛሽ እንዳትቀር ወረቀቱም ይቆይ።

ለወታደሮችና ለተፈናቃዮች በ6ኛው ምርጫ ልዩ የምርጫ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ብዙ ሺህ ሠራተኛ በፈረቃ የሚሠራበት ኢንዱስትሪ መንደር ደጃፍ ላይ የምዝገባ ጣቢያ መክፈት ከዚያ አይከብድም። ለቀጣዩ ምርጫ ደግሞ አሁኑኑ የኪራይ ውልሽን በጽሑፍ አድርጊው። የፋብሪካ መታወቂያሽንም አትጣይው። ስድስቱን ወር ለማስረዳት ይረዱሻል።

"ፓርቲ የሚመዘግበው ቦርዱ፣ የሚሰርዘው ቦርዱ፣ የመንግሥትን ድጎማ ለፓርቲዎች የሚያከፋፍለው ቦርዱ፣ ምርጫውን የሚያካሂደውም ቦርዱ። አልበዛበትም?" (ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ)

በዝቶበታል። አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን የ10,000 ሰው ፊርማ፣ ክልላዊ ለመሆን የ4,000 ያስፈልጋል። ያን ፊርማ አንድ በአንድ የሚያጣራው ቦርዱ ነው። የፓርቲ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጣላ "እውነተኛው ሊቀመንበር እኔ ነኝ" እያሉ ሁለት ሰዎች የሚሄዱት እሱው ጋ ነው።

ሥራው መብዛቱ ብቻ ቢሆን ሠራተኛ በመቅጠር ይታለፍ ነበር። የሕወሓትን ጉዳይ ተመልከቱት። ስለ ፓርቲው የምታስቡትን አስቡ፤ ወሎ ውስጥ ስለ እሱ ምን እንደሚባል እኔ አልነግራችሁም። ቦርዱ በጥር 2013 ሰረዘው። በ2015 ሕጋዊ ሰውነቴ ይመለስልኝ ሲል አይሆንም አለ። በ2016 የፓርቲ ምዝገባ አዋጁ ተሻሻለና በነሐሴ "በልዩ ሁኔታ" ተመዘገበ። ፓርቲው ይህን አልቀበልም አለ። በግንቦት 2017 እንደገና ተሰረዘ። አገሪቱን ጦርነት ያማሰነ የፖለቲካ ጥያቄ አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እነዚያው ሰዎች ነገ ደግሞ ድምፅ ይቁጠሩ ነው የተባሉት።

ለሁለት ይከፈል የሚለውን ግን አልደግፍም። ሁለት ደካማ መሥሪያ ቤት ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቢሮ ፍለጋ ይጀምራል። ምዝገባው እዚያው ቦርዱ ውስጥ ራሱን በቻለ መዝጋቢ ይሠራ። መሰረዙ ግን ለፍርድ ቤት ይሂድ። ቦርዱ ከሳሽ ይሁን፣ ዳኛ ይወስን። ፍርድ ቤት አይችልም አትበሉኝ። በ2013 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የታሰሩ የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች በዕጩነት ይመዝገቡ ብሎ በቦርዱ ላይ ፈርዷል። ከሐረሪ ክልል ውጭ በሚኖሩ ሐረሪዎች ድምፅ አሰጣጥ ጉዳይም ቦርዱ ተረትቷል። ቦርዱ በሁለቱም የተባለውን ተቀብሏል። በእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቦርዱ አቅም የለውም ለሚሉ ደግሞ ወላይታን ላስታውስ። በጥር 29 ቀን 2015 በደቡብ አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ቦርዱ የወላይታ ዞንን ውጤት በጥሰት ምክንያት ሰረዘው። ሰኔ 12 እንደገና አስመረጠ። የራሱን ሥራ ተበላሽቷል ብሎ መጣል የሚችል መሥሪያ ቤት ስንት አለን?

"የደሴ ከተማ ምክር ቤትን የምንመርጠው መቼ ነው?" (ባለ ሱቅ፣ ሰኞ ገበያ)

አጭር ጥያቄ፣ ረጅም ናፍቆት። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መካሄድ ነበረበት፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አራዘመው። ከዚያም እንደገና ተራዘመ። በ2013 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲመረጡ የእኛ ቢጤዎቹ ቀሩ። የቆሻሻ መኪና የሚመድበውን፣ የሱቅዎን ኪራይና ግብር የሚነጋገረውን፣ የቧንቧ ውሃን ጉዳይ የሚያነሳውን ምክር ቤት ነው የማንመርጠው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ቦርዱ የአካባቢ ምርጫን ቀን ራሱ ቆርጦ የማውጣት፣ ማራዘም የሚፈልግም ምክንያቱን በጽሑፍ ለቦርዱና ለፍርድ ቤት የማስረዳት ግዴታ ቢኖርበት፣ እንዲህ እንደ ዘበት አይረሳም ነበር።

"እያንዳንዱ ክልል የራሱ የምርጫ ቦርድ ቢኖረውስ? ፌዴሬሽን አይደለንም እንዴ?" (መምህርት፣ ደሴ)

መምህርት፣ ሐሳቡ በሌላ አገር አለ። ሕንድ ለአካባቢ ምርጫ በየክልሉ ኮሚሽን አላት። በእኛ ሕገ መንግሥት ግን የፌዴራልና የክልል ምርጫ የሚያካሂደው አንድ ብሔራዊ ቦርድ ነው። ትግራይ በጳጉሜ 2012 ከቦርዱ ውጭ በራሱ ኮሚሽን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተፈጻሚነት የለውም አለ። የመጣውን ሁላችንም አየነው፤ ደሴም በ2014 ቀምሳዋለች። ስለዚህ ዛሬ ይህን በር ክፈቱ አልልም። የክልል ቦርድ ቢቋቋም የሚሾመው የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ነው፤ ቀደም ብሎ ወጣቱ የጻፈልን ቁልፍም ወደ ቀበሌው ይበልጥ ይጠጋል።

"ውጤት በዘገየ ቁጥር ሐሜት ይበዛል። ቦርዱ ምን ተጨማሪ ሥልጣን ቢሰጠው ይሻላል?" (ተማሪ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ)

ለዚህ ሥልጣን አያስፈልገውም፤ ግዴታ ነው የሚያስፈልገው። የየጣቢያው ውጤት እዚያው ጣቢያው በር ላይ መለጠፍ እንዳለበት ሕግ ነው። እኔ ባየሁበት ጣቢያ በነጭ ፕላስተር ለጥፈውት ሰዉ በስልኩ መብራት እያየ ያነብ ነበር። አንድ ሽማግሌ ማንበብ አልቻሉምና ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚነግራቸው ልጅ ያዙ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ወረቀት የት ደረሰ? የአንድ ሰፈር ሰው የራሱን ጣቢያ ውጤት አይቷል፤ የ50 ጣቢያ ድምር ግን የሚሰማው ከቦርዱ አፍ ብቻ ነው።

ኬንያዎች በፈረንጆቹ 2022 ያደረጉትን እዩ። ከ46 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ጣቢያዎች የተሞላው የውጤት ቅጽ ፎቶ ተነሥቶ ሕዝብ በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ተለቀቀ። ጋዜጠኛውም፣ ፓርቲውም፣ ሥራ ፈቱም ደመረው። ውጤቱ በተገለጸበት ዕለት ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ሰብሳቢው የገለጹትን ውጤት አንቀበልም አሉ። በሌላ አገር ይህ ብቻውን ቤት ያቃጥላል። እዚያ ግን ቅጹ ሁሉም ሰው እጅ ነበርና ክርክሩ ፍርድ ቤት ገብቶ በቁጥር አለቀ። ኬንያ ፍጹም ናት እያልኩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ኮሚሽነር ሳይኖራት ከሁለት ዓመት በላይ ከርማለች። የእኛም አዋጅ ሲሻሻል ይህን ይመልከት። የቦርዱ ወንበር ባዶ ከሆነ በስንት ቀን መሞላት እንዳለበት ቁጥሩ ተጽፎ ይቀመጥ።

እስከዚያው አንተ ማድረግ የምትችለው አለ። ከጓደኞችህ ጋር ተከፋፈሉና በየሰፈራችሁ የተለጠፈውን ውጤት ጣቢያው ውጭ ቆማችሁ ገልብጡት። የጣቢያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን አትርሱ። ወኪል ያላቸው ፓርቲዎች የቅጹ ቅጂ ይሰጣቸዋል፤ ከእነሱ ጋር አስተያዩት። ከተለያየ ቅሬታውን የሚያቀርበው ወኪሉ ወይም ዕጩው ነው፤ መጀመሪያ ለጣቢያው፣ ከዚያ ለምርጫ ክልሉ፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ። የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይሂድ።

የሚቀጥለው እትም ርዕስ የቤት ኪራይ ውል ነው። ከኮምቦልቻዋ እህታችን ደብዳቤ በኋላ ሌላ ርዕስ ማሰብ አልቻልኩም። ውላችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ የአከራይና የተከራይ ስም ግን ደልዙበት።